ላልመጣ ውሃ የተሰጠ ምስጋና

ሰው ከገዛ ኪሱ ሲሰጥ እጁ ይከብደዋል። ከጎረቤቱ ኪስ ሲሰጥ ግን ለጋስነቱ ለጉድ ነው። ሠርግ ቤት ተቀምጦ «ኧረ ለእንግዶቹ ጨምሩላቸው!» እያለ አሳላፊዎችን የሚያራውጠውን ሰው ልብ ብላችሁ እዩት። የደጋሹ ዘመድ እንኳ አይደለም። እኔ ይህ የሰው ልጅ ጠባይ ከድግስ አልፎ ወደ ውሃ ሲገባ ያየሁት ሰበታ ነው። ያየሁትን ላጫውታችሁ። ከአሁኑ ላስጠንቅቃችሁ እንጂ፣ ነገሩ ያኔም አልገባኝም፣ ዛሬም በቅጡ አልገባኝም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ከሥሩ እንዳልጀምር ሥሩ የት እንደሆነ ጠፋኝ፤ ከጥሩው እንዳልቀዳ ውሃው ራሱ የለም። እንግዲያው ከመሀል ልጀምርና እናንተ እንደሚሆን አድርጉት።

ነስሩ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት መርካቶ ነው፤ የቤት ኪራይ እየገፋ እየገፋ ሰበታ ላይ አወጣኝ። መንገድ ዳር የውሃ ፓምፕ፣ የውሃ መሳቢያ ጎማና መለዋወጫ የምሸጥባት ሱቅ አለችኝ። ደንበኞቼ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ውሃ በፓምፕ እየሳቡ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ገበሬዎች ናቸው። ሱቁን በከፈትኩ ሰሞን ገበሬው አጠር ያለ ጎማ ገዝቶ ይሄድ ነበር። ዓመት ዞሮ ሲመለስ ረዘም ያለ ይጠይቀኛል። በዓመቱ ደግሞ ከዚያም የረዘመ። እኔ የዋሁ፣ ማሳው እየሰፋለት ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ለካስ ጎማው የሚረዝመው ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ነው! ውሃው ወደ ምድር ሆድ እየሸሸ፣ ገበሬው በጎማ እየተከተለው ኖሯል። ገበሬው ይስባል፣ አበባ እርሻው ይስባል፣ ፋብሪካው ይስባል፣ ከተማው ይስባል። ምድር ደግሞ ጡት አይደለችም፣ በጠባሃት ቁጥር አታጋትም።

ከደንበኞቼ ሁሉ የምወዳቸው ኦቦ ቶሎሳ ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ሲቀልዱ ፊታቸው አይፈታም፣ ሲቆጡ ግን ፈገግ ይላሉ፤ ስለዚህ ከእሳቸው ጋር ሲያወሩ መሳቂያውን ቦታ ማወቅ ያስቸግራል። ኦሮምኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ የተማርኩት ግን ለጎማ መሸጫ የሚሆነውን ያህል ነው። ያን ዓመት የኦቦ ቶሎሳ ሽንኩርት ራስ ሳያበጅ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። የሸጥኩላቸውን ረጅም ጎማ ጉድጓዱ ውስጥ ቢለቁት ፓምፑ ጭቃ ተፋ፤ ቀጥሎ አየር ተፋ፤ በመጨረሻ ራሱም ተቃጠለ።

በዚህ መሀል ስብሰባ ተጠራ። ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደመጡ እስከዛሬ ያልገባኝ ሰዎች በመኪና መጡና አዳራሽ ሞልተን ተቀመጥን። ለእያንዳንዳችን ከወደ ሱሉልታ ታሽጎ የመጣ ውሃ ታደለን። ሱሉልታ ያለው ወዳጄ ጀሪካኑን ይዞ ቧንቧ ሥር ተሰልፎ እንደሚውል ስለማውቅ፣ ስጠጣው የሱን ድርሻ የምጠጣ መሰለኝ። ቢሆንም ጠጣሁት።

ኮፍያ ያደረገ ረጅም ሰውዬ ተነሥቶ፣ ውሃ «ከተትረፈረፈበት ወደ አነሰበት» ሊዛወር መሆኑን አበሠረን። ከጎረቤት ከተማ ከተጂ በኩል በትልቅ ቱቦ ይመጣል፤ ማሳው በመጣው ውሃ ይጠጣል፤ ጉድጓዶቻችን እስኪያገግሙ ያርፋሉ። እውነቱን ልናገር፣ አነጋገሩ ያምር ነበር። ጉድጓዶቻችን ወንዝ ዳር ተንጋለው ሲያርፉ በዓይኔ መጣብኝ። ኦቦ ቶሎሳ እጃቸውን አወጡና የተጂ ሰዎች ስለዚህ ነገር ተጠይቀው እንደሆነ ጠየቁ። ሰውየው ሳያመነታ «ማኅበረሰቡ በደስታ ተቀብሎታል» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። የጎረቤትን ደግነት ሰምቶ የማያጨበጭብ ማን አለ?

ጊዜው እንግዲህ የማስተር ፕላን ጊዜ ነው። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት ከተሞች ጋር ያያይዛል የተባለው ፕላን፣ ገበሬውን ከመሬቱ ሊነቅል ነው ተብሎ አገሩ ሁሉ ተነሥቷል። መንገድ ይዘጋል፣ ሱቅ ይዘጋል፣ ልጆች ይታሰራሉ። ያን ሰሞን ለቅሶ ያልደረሰ ሰው አልነበረም፤ የኦቦ ቶሎሳ የአጥር ጎረቤት ልጁን ቀብሮ ገና ከፍራሽ አልተነሣም። «ፕላን» የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ የሚጠራ ጠፋ። እኔ እንኳ ደንበኛዬን «ዘንድሮ ምን ፕላን አለህ?» ማለት ትቼ «ዘንድሮ ምን አስበሃል?» ማለት ለመድኩ። ወጣቶቹ ቱቦውንም አላመኑትም። ከተጂ ተነሥቶ በሰበታ አልፎ አዲስ አበባ የሚገባ ነው አሉ። ቡራዩ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ደግሞ፣ ለከተማው የሚሄድ ትልቅ ቱቦ በአጥሯ ሥር እንደሚያልፍና ሌሊት ሌሊት ድምፁን እየሰማች፣ ጠዋት ጠዋት ግን ውሃ ከባለ ጋሪ እንደምትገዛ ነገረችኝ። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ በበኩሏ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣላትና ፈረቃዋ እንደጠፋባት ታማርራለች። ታዲያ የት ነው የሚደርሰው? እኔን አትጠይቁኝ፣ እኔ ጎማ ሻጭ ነኝ።

በማግሥቱ ኦቦ ቶሎሳ ሱቄ መጡ። ወንበር ስሰጣቸው አልተቀመጡም።

«ነስሩ፣ የሰው ውሃ ልንጠጣ ነው» አሉኝ።

«እሰየው ነው ኦቦ!»

«ምኑ ነው እሰየው? ሳንጠይቃቸው ጠጥተን ነገ ገበያ ላይ በየትኛው ዓይናችን እናያቸዋለን? ሰውየው ፈቅደዋል አለ እንጂ እነሱ ፈቅደናል አላሉንም። ሄደን አመስግነን፣ ፈቃዱንም ከአፋቸው ሰምተን እንመለሳለን።»

ስልክ ብንደውልስ አልኳቸው። ፈገግ አሉ፤ ተቆጥተዋል ማለት ነው። «ውሃ በስልክ አይለመንም» አሉ። እኔ ለምን እንደምሄድ ስጠይቃቸው፣ የሁለቱም አገር ገበሬ እንደሚያውቀኝና ለማንም እንደማላዳላ ነገሩኝ። «ሁላችንንም እኩል ነው የምታስወድድብን» አሉኝ። ሙገሳ ይሁን ስድብ እስካሁን አለየሁትም።

ባለቤቴ ዘይነባ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ «አብደሃል? በዚህ ጊዜ መንገድ ይወጣል?» አለች። እንደማልቀር ስታውቅ ደግሞ «ታዲያ የሰው ቤት ባዶ እጅህን ልትሄድ ነው?» ብላ ተቆጣች። የሴት ልጅ ቁጣ ሁልጊዜ እርስ በርሱ አይስማማም፤ ሁልጊዜ ግን ትክክል ነው። ሱቄን ዞር ዞር ብዬ ባይ፣ ከጎማ በስተቀር ለስጦታ የሚሆን ነገር የለኝም። አንድ ጥቅል አዲስ ጎማ አወረድኩ። ውሃ ልትወስድበት ወደምትሄድበት አገር ጎማ በትከሻህ ተሸክመህ መሄድ ምን እንደሚመስል ያኔ ፈጽሞ አልታሰበኝም።

መኪና ስላልነበረ በፈረስ ጋሪ ወጣን። ብዙም ሳንርቅ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ወጣቶች ቆመውበታል። ኦቦ ቶሎሳ ከጋሪው ለመውረድ ጊዜ ስለወሰደባቸው ጥያቄው መጀመሪያ የደረሰው ለእኔ ነው።

«ወዴት ነው?» አለኝ አንዱ።

«ተጂ።»

«ለምን?»

በዚህ ዓለም ላይ ያለ ሌላ ማንኛውም ቃል ከአፌ ቢወጣ ምን ነበረበት? «ለውሃው ፕላን…» አልኩ።

ፈረሱ እንኳ ጆሮውን ያቆመ መሰለኝ። ልጁ ቃሏን እንደ ትኩስ ድንች ተቀበለኝ። «ለምኑ?» አለ። ሌላው ትከሻዬ ላይ ያለውን ጎማ ይዞ ሳብ አደረገና «ቱቦው ተጀምሯል ማለት ነው?» አለ። ጎማ ሻጭ መሆኔን ላስረዳ ኦሮምኛዬን ብፈልገው፣ የለም፣ በላብ ተጠርጓል። በልቤ ሸሃዳዬን ጀመርኩ።

ኦቦ ቶሎሳ ከጋሪው ወርደው ሲያበቁ ልብሳቸውን አራገፉ። ከዚያ ጎማውን የያዘውን ልጅ «የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

ልጁ የአባቱን ስም ጠራ።

«አውቃቸዋለሁ። ጉድጓዳቸው ውሃ አለው?»

ልጁ ጎማውን ለቀቀ። «ደርቋል፣ አባ» አለ።

«የእኔም ደርቋል። ቢሻን ባርባና። ውሃ ፍለጋ ነው የምንሄደው፣ ሌላ አይደለም። ይኼ ሰውዬ አማርኛው ነው እንጂ ልቡ ደህና ነው።»

ድንጋዩን ልጁ ራሱ አነሣልን። ጋሪው ሲያልፍ «አባ፣ ውሃው ግን ወዴት ነው የሚሄደው?» ብሎ ጠየቀ። ኦቦ ቶሎሳም ይመጣል እንደተባሉ እንጂ ይሄዳል እንዳልተባሉ ነገሩት። «ለሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት» አለና ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ። ይህችን ንግግር ያኔ ብናስብባት ከግማሽ መንገድ እንመለስ ነበር። እኔ ግን ገና ትንፋሼን እየሰበሰብኩ ነበር።

ተጂ ስንደርስ ወደ ኦቦ ጉደታ ቤት አመራን። ኦቦ ጉደታ የአካባቢው ሰው የሚሰማቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ከኦቦ ቶሎሳ ጋር በከብት ገበያ፣ ከእኔ ጋር በፓምፕ ይተዋወቃሉ። ከሩቅ ሲያዩን ጋቢያቸውን አስተካክለው እየሮጡ መጡ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አቀፉን። ጎረቤት ተጠራ። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ አሬራ አቀረቡልን። እጅ ስንታጠብ ግን አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ አዴ ጫልቱ ውሃውን በትንሽ ጣሳ አንጠባጥበው፣ የታጠብንበትን ከሥር በሳህን ተቀብለው፣ ሳህኑን ተሸክመው ወደ ጓሮ ጎመናቸው ሄዱ። ውሃ ከተትረፈረፈበት አገር ይህ ምን የሚሉት ቁጠባ ነው? ብዬ አሰብኩ። አሬራው ጥሩ ስለነበር ሐሳቤን አልቀጠልኩበትም።

ሰው ሁሉ ሲሰበሰብ ኦቦ ቶሎሳ ለምስጋና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ኦቦ ጉደታ ግን ቀድመው ተነሡ። እጃቸውን ዘርግተው መናገር ሲጀምሩ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«የሰበታ ወንድሞቻችን፣ ገላቶማ! ከራሳችሁ ጉሮሮ ቀንሳችሁ ውሃችሁን ልትልኩልን መፍቀዳችሁን ስብሰባ ላይ ሰማን። ለምስጋና መምጣት የነበረብን እኛ ነን። መንገዱ ተዘግቶብን ቀደማችሁን።» ከዚያ ዓይናቸው ጥጉ ላይ ባስቀመጥኩት ጎማ ላይ አረፈ። «እነሆ! ቱቦውንም ይዛችሁ መጣችሁ!»

አዴ ጫልቱ እልል አሉ። ጎረቤቶቹ ተቀበሏቸው።

እኔ በመጀመሪያ ኦሮምኛዬ የከዳኝ መሰለኝ። ኦቦ ቶሎሳን አየኋቸው። አፋቸው ለምስጋና እንደተከፈተ ቀርቷል።

«ኦቦ ጉደታ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የምን ውሃ ነው የምንልክላችሁ?»

«የሰበታን ውሃ ነዋ! የተትረፈረፈውን!»

«እኛ እኮ የናንተን ልትሰጡን ነው ብለን ልናመሰግን ነው የመጣነው።»

እልልታው መሀል ላይ ተቆረጠ። እልልታ መሀል ላይ ሲቆረጥ ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን ማንም ጠላቴ እንዲሰማው አልመኝም። ኦቦ ጉደታ ቅር አላቸው። ውሃ ከሌላችሁ ለምን ቃል ገባችሁ አሉ። ኦቦ ቶሎሳ ፈገግ ብለው፣ መቼ ገባን፣ እናንተ ናችሁ እንጂ የገባችሁት አሉ። አንዱ ጎረቤት «ሰበታዎች ውሃቸውን ደብቀው የእኛን ሊለኩ ነው የመጡት» ብሎ ወደ ጎማዬ ጠቆመ። ድምፅ ከፍ ከፍ አለ። ሁለት የተጠሙ አገሮች፣ በሌለ ውሃ፣ በእኔ ፊት ሊጣሉ ነው። እኔም ከፍርሃቴ ብዛት ያልገባኝን ነገር ጠየቅኩ።

«ሰውየው ኮፍያ ያደረገ፣ ረጅም ነው?»

«እሱው ነው» አሉ ኦቦ ጉደታ።

«‹ማኅበረሰቡ በደስታ ተቀብሎታል› አላችሁ?»

«አለን እንጂ! አጨበጨብን!»

ሁላችንም እርስ በርስ ተያየን። ያ በደስታ የተቀበለው ማኅበረሰብ፣ ለካ እነሱ ዘንድ እኛ ነን፤ እኛ ዘንድ እነሱ። ሰውየው ከሁለት ባዶ እንስራ አንዱን ወደ ሌላው ሊገለብጥ ነው የመጣው። ሳያውቅ ይሁን አውቆ፣ ወይስ ሦስተኛ ቦታ የሚያውቀው ውሃ ኖሮት ነው? አላውቅም። ያን ቀን ስንት ጊዜ አላውቅም እንዳልኩ ራሱ አላውቅም።

ኦቦ ጉደታ ኦቦ ቶሎሳን እጃቸውን ይዘው ወደ ማሳቸው ወሰዷቸው። ተከተልናቸው። ቲማቲሙ በእንጨቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ደርቋል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ደርሰው ጠጠር አነሡና ጣሉ። ጆሯችንን ጥለን ጠበቅን። ጠብ የሚል የውሃ ድምፅ አልመጣም፤ ደረቅ ነገር ደረቅ ነገር ሲነካ ብቻ ተሰማ። ኦቦ ቶሎሳ ተንበርክከው ጉድጓዱን አዩት። ቆይተው ቆይተው «የእኔም እንደዚህ ነው የሚጮኸው» አሉ። ያን ጊዜ ድምፃቸው የቀልድም የቁጣም አልነበረም፤ ሱቄ በዋሉበት ዘመን ሁሉ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ነበር። ኦቦ ጉደታ አጠገባቸው ቁጢጥ አሉ። ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ባዶ ጉድጓድ ውስጥ አብረው አዩ። እኔም ፊቴን አዞርኩ።

ሳቁን የጀመሩት አዴ ጫልቱ ናቸው። «እኔ እልል ያልኩት ለዚህ ነው?» ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከዚያ ማን ያቁመን! ኦቦ ጉደታ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ደብቃችኋል ያለው ጎረቤት እንኳ እንባውን እየጠረገ ሳቀ። ኦቦ ቶሎሳ ብቻ ፊታቸው አልተፈታም፤ ከሁሉ የበለጠ የሳቁት እሳቸው ነበሩ ማለት ነው።

ከሳቁ በኋላ ነገሩ ቁም ነገር ሆነ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተማከሩና ቃል ተገባቡ፤ ከማንም ይምጣ፣ ለማንም ይምጣ፣ የሚመጣውን ሁሉ ሰበታና ተጂ እኩል ይካፈላሉ፤ አንዱ ሳይጠየቅ የሌላው አይነካም። ቃል ሲታሰር ርጥብ ሣር ይዞ መመረቅ ደንብ ነው። ርጥብ ሣር ተፈለገ፤ ከየት ይምጣ? በመጨረሻ አዴ ጫልቱ በእጅ ውሃችን ከሚያጠጧት ጓሮ ትንሽ የሽንኩርት ቅጠል ቆርጠው አመጡ። በእሱ ተመረቅን። ዓይናችንን ያረጠበው ምርቃቱ ይሁን ሽንኩርቱ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። ጎማዬም ለስጦታ ቀረ፤ ላም ያለችው በሰማይ ቢሆንም ማለቢያው ይኑር ተብሎ።

እኛ ከተመለስን በኋላ ብዙም ሳይቆይ ማስተር ፕላኑ ቀረ የሚል ወሬ በሬዲዮ ተሰማ። የሰበታ ሰው ወደ አደባባይ ወጣ፤ ተጨፈረ። ኦቦ ቶሎሳም ወጥተው ዱላቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። ከዚያ መጀመሪያ ልጁን ወደቀበረው ጎረቤታቸው ሄደው አብረው ተቀመጡ፤ ሲመለሱ ወደ ሱቄ ጎራ አሉ።

«ነስሩ፣ የቀረው የትኛው ፕላን ነው?» አሉኝ።

«ትልቁ ይመስለኛል።»

«የእኛ ትንሿስ?»

ምን ልበላቸው? የቀረው ፕላን መሬቱን ይወስዳል የተባለው ነው፤ ውሃውን ያመጣል የተባለውስ አብሮ ቀርቶ ይሆን? ወይስ ሁለቱ አንድ ነበሩ? ደስ ሊለን ይገባል ወይስ ሊከፋን? እሳቸውም አላወቁም። ያን ዓመት ፓምፑን ከጉድጓዱ አፍ አነሡና ሽንኩርቱን ገልብጠው ሽምብራ ዘሩ። ሽምብራ ባለውለታ ነው፤ ክረምቱ በተወው እርጥበት ብቻ ይበቅላል፣ ማንንም ውሃ አምጣልኝ አይልም። ያን ጊዜ የበላሁት እሸት ጣዕሙ አሁንም አፌ ላይ አለ። የእኔ ገበያ ግን ሞተ፤ ለሽምብራ ጎማ የሚገዛ የለም።

እዚህ ላይ ላቆም ነበር። ችግሩ፣ ነገሩ አላቆመም። የውሃ መካፈያ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ከሰበታም ከተጂም አባላት አሉበት፤ እኔን የማላዳላ ነኝ ብለው ጸሐፊ አድርገውኛል። ውሃ እስኪመጣ ሥራ የለንም ብዬ ተዝናንቼ ሳለሁ፣ ሰሞኑን ኦቦ ቶሎሳ ከአባላቱ ጋር ፈገግ እያሉ መጡ። ደነገጥኩ። ለካ ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ እንደገና ተጂ ሄዶ ሌላ ስብሰባ አድርጓል። ለተጂዎች ውሃ እንደሚመጣላቸው በድጋሚ ቃል ገብቶላቸዋል። ወደ እኛ ግን ዝር አላለም።

«ቃላችን እኩል መካፈል ነው» አሉ ኦቦ ቶሎሳ። «እነሱ ሁለት ጊዜ ቃል ተገብቶላቸዋል፣ እኛ አንድ ጊዜ። የሁለተኛውን ቃል ግማሽ ይስጡን።»

ፊታቸውን አየሁት። ፈገግ ብለዋል። እየቀለዱ ነው እንዳልል ፈገግታቸው የቁጣ ነው፤ ተቆጥተዋል እንዳልል ጥያቄያቸው የቀልድ ነው። ጸሐፊ ነኝና የታዘዝኩትን ፈጸምኩ፤ ሳልስቅ ለኦቦ ጉደታ ደውዬ አቤቱታውን አቀረብኩ። ኦቦ ጉደታ ከሽማግሌዎቻቸው ጋር መክረው መልሰው ደወሉልኝ። የተጂ ሰው እንግዲህ ጨዋ ነው።

«ግማሹ ምን ያደርግላችኋል?» አሉኝ። «ሙሉውን ውሰዱት።»